የዳቫዎን ምርጫ ስትዘግቡ ምክር ቤቱን ረሳችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከዱባይ ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አብራኝ የምትሠራ አንዲት የዳቫዎ ልጅ አለች፤ ዳቫዎ የፊሊፒንስ ከተማ ናት። ለረጅም ጊዜ አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። ስለዚህ በሜይ 12 ቀን 2025 ስለተደረገው የፊሊፒንስ ምርጫ ያወጣችሁትን ዘገባ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አላነበብኩትም። (ቀኑንም ዓመቱንም የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ዘገባችሁ ያነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ ሄግ ታስረው እያሉ የዳቫዎ ከተማ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ሰውየው ማርች 11 ማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዙ። ወዲያው ወደ ኔዘርላንድስ ተወሰዱ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የማዘዣ ወረቀት ያወጣባቸው ባካሄዱት የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ ከተፈጸሙት ግድያዎች ጋር በተያያዘ፣ በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ነው። ሁለት ወር ቆይቶ የከተማቸው ሰው ከ660 ሺህ በላይ ድምፅ ሰጣቸው። ዋናው ተፎካካሪያቸው ካርሎ ኖግራሌስ ያገኙት 80 ሺህ ገደማ ነው። ኖግራሌስ ደግሞ በዱቴርቴ የፕሬዚዳንትነት ዘመን በካቢኔያቸው ውስጥ ያገለገሉ ሰው ናቸው።

እናንተ እዚህ ላይ አቆማችሁ። "ታዲያ ከተማዋን ማን ያስተዳድራታል?" የሚለውን ጥያቄ ጠይቃችሁ መልሱን ሳትነግሩን ዘገባው አለቀ። ለእኔ ግን ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

እኛ አገር፣ አዲስ አበባን ብንወስድ፣ ሕዝቡ የሚመርጠው ምክር ቤቱን ነው። ከንቲባውን ምክር ቤቱ ይመርጣል። እነሱ ዘንድ እንደዚያ አይደለም። መራጩ ከንቲባውን ለብቻ ይመርጣል። ምክትል ከንቲባውንም ለብቻ ይመርጣል። ከዚያ የምክር ቤት አባላቱን ይመርጣል። ከንቲባውና ምክትሉ ከተለያየ ቡድን ሊሆኑ ይችላሉ። ምክትሉ የከንቲባው ረዳት ብቻ አይደለም። የከተማውን ምክር ቤት የሚሰበስበውና የሚመራው እሱ ነው።

በ1991 የወጣው የአካባቢ መስተዳድር ሕጋቸው ተራውን በግልጽ አስቀምጦታል። ከንቲባው ከሌለ ምክትሉ ይተካል። የምክትሉ ቦታ ክፍት ሲሆን ደግሞ አንደኛ የወጣው የምክር ቤት አባል ይተካል። አንደኛ የሚባለውም በዕድሜ ወይም በሹመት አይደለም። በየምርጫ ክልሉ ከተመዘገበው መራጭ አንጻር ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው።

አሁን ዳቫዎን በዚህ ተራ እንያት። ከንቲባ ሆነው የተመረጡት አባት ሄግ ናቸው። ምክትል ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ልጃቸው ሴባስቲያን ናቸው። ሴባስቲያን ከ2022 ጀምሮ ራሳቸው ከንቲባ ነበሩ፤ በ2025 ዝቅ ብለው ለምክትልነት ተወዳደሩ። በምክር ቤቱ አንደኛ የወጣው ደግሞ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ስሙም እንደ አያቱ ሮድሪጎ ነው። ስለዚህ ልጅ የከንቲባውን ሥራ ሲይዝ የልጅ ልጅ የምክትሉን ወንበር ያዘ። በዚያው ቀን ሌላው ልጃቸው ፓኦሎና ሌላው የልጅ ልጃቸው ኦማር ለአገሪቱ የተወካዮች ምክር ቤት ተመርጠዋል። ማጭበርበር ነው አልልም። ሁሉም በሕዝብ ድምፅ የመጣ ነው። ግን ይህን ያነበበ ሰው "የታሰረ ሰው ተመረጠ" ከሚለው የበለጠ ነገር ይገባዋል። የምክር ቤት አባል ለመምረጥ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከስሙ አጠገብ የሚቀባው ትንሽ ክብ ነገ ከተማዋን ማን እንደሚመራ ይወስናል።

ጓደኛዬ እዚህ ሆና መርጣለች። በ2025 ውጭ የሚኖሩ ብዙ ፊሊፒናውያን ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንተርኔት ነው የመረጡት። እሷም በስልኳ መረጠች። ደስ ብሏት ነበር። ግን ውጭ ያለ ሰው የሚመርጠው ሴናተሮችንና የፓርቲ ዝርዝር የሚሉትን ብቻ ነው (ለተወካዮች ምክር ቤት በሰው ስም ሳይሆን በፓርቲ ስም የሚመረጥበት ነው)። ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት ለእሷ አይመጣም። በየወሩ ወደ ዳቫዎ ገንዘብ ትልካለች። የእናቷ ቤት ደጃፍ ያለው መንገድ በዝናብ ሲጥለቀለቅ ቪዲዮው የሚላከው ለእሷ ነው። መንገዱ የሚሠራበትን በጀት በሚያጸድቀው ሰው ላይ ግን ድምፅ የላትም። ይህን ስትነግረኝ ስለ እኛም አሰብኩ። እዚህ ባሕረ ሰላጤ ያለን ሐበሾች ስለ አገራችን ቀን ከሌሊት እናወራለን። የሰፈራችንን የምክር ቤት ተወካይ ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የምርጫው ዕለት ማታ እናቷ ደወለች። ከንቲባ ማንን እንደመረጠች መጠየቅ አላስፈለገም፤ ሮድሪጎን ነው። እናቷ ከተማው ማታ ሰላም የሆነው በእሳቸው ነው ብላ ታምናለች። እኔ ከእሷ ጋር አልከራከርም። በሌላ ወገን በዚያ ዘመቻ ልጃቸውን ቀብረው ፍትሕ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። የእነሱም ዕንባ እውነት ነው። ጓደኛዬ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። "ለምክር ቤትስ?" አለቻት። እናት ቦርሳዋን ከፍታ ታጥፋ የተቀመጠች ትንሽ ወረቀት አወጣች። ሰፈር ውስጥ የታደለ የስም ዝርዝር ነው። ስምንቱን ስም ከዚያ ላይ እያየች ነበር የቀባችው። በቃሏ የምታውቀው ሁለቱን ብቻ ነው።

እናቲቱን አልወቅሳትም። ሥርዓቱ ነው እንዲህ ያደረጋት። ዳቫዎ በሦስት የምርጫ ክልል ተከፍላለች። ከእያንዳንዱ ስምንት፣ በጠቅላላው 24 የምክር ቤት አባላት ይመረጣሉ። በዚያ ላይ የባራንጋይ ሊቀመናብርት ተወካይ፣ የወጣቶች ተወካይና የነባር ሕዝቦች ተወካይ ይቀመጣሉ። (ባራንጋይ የሚሉት የእኛን ቀበሌ ዓይነት ነው፤ በዳቫዎ 182 አሉ።) አንድ መራጭ በአንድ ጊዜ እስከ ስምንት ስም መቀባት ይችላል። ብዙ ድምፅ ያገኙት ስምንቱ ይገባሉ።

ይህ ሲሰሙት ለመራጩ ብዙ ምርጫ የሚሰጥ ይመስላል። እስቲ እናስላው። በአንድ ክልል መቶ መራጭ አለ እንበል። ስልሳው የአንድ ቡድንን ስምንት ስሞች ቀቡ። አርባው የሌላውን ስምንት ቀቡ። የመጀመሪያው ቡድን ሰዎች እያንዳንዳቸው ስልሳ ስልሳ ድምፅ አላቸው። የሁለተኛው አርባ አርባ። ስምንቱም ወንበር ለመጀመሪያው ይሄዳል። አርባው ሰው አንድም ወንበር የለውም። በተለይ እንደ ዳቫዎ አንድ ቡድን በገነነበት ከተማ እንዲህ ያለ አቆጣጠር ምክር ቤቱን የአንድ ቤት ሳሎን ያደርገዋል። የዱቴርቴ ቤተሰብ የአካባቢ ፓርቲ ሁግፖንግ በ2025ም የምክር ቤቱን አብዛኛውን ወንበር ወስዷል። እኔ የምቆረቆርለት ከንቲባው ማን ሆነ ለሚለው አይደለም። ከንቲባውን "ይህ በጀት ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው በምክር ቤቱ አለ ወይ ለሚለው ነው። የተመረጡት ሰዎች ደግ ቢሆኑም እንኳ ጠያቂ ያስፈልጋቸዋል።

ምክር ቤቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ዳቫዎ ሰፊ ከተማ ናት። ስፋቷ 2,443 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባን ከአራት እጥፍ በላይ ትበልጣለች። የሕዝቧ ቁጥር በ2020 ቆጠራ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ነበር። በከተማዋ ወሰን ውስጥ የሙዝ እርሻ አለ። እርሻዎቹ ላይ መድኃኒት በአውሮፕላን ይረጭ ነበር። ከእርሻው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች መድኃኒቱ ቤታችንና ውኃችን ላይ ይወርዳል ብለው ጮኹ። በ2007 ምክር ቤቱ በአውሮፕላን መርጨትን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ሙዝ ላኪዎቹ ከሰሱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀና በ2016 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ነዋሪዎቹ በመጨረሻ አልቀናቸውም። ቢሆንም ጩኸታቸው መጀመሪያ የደረሰው ማኒላ አይደለም፤ ከተማው ምክር ቤት ነው። በ2002 ርችት የከለከለውም ይኸው ምክር ቤት ነው። ጓደኛዬ ዘመን መለወጫን ስታስታውስ የምታወራልኝ ስለ ጡሩንባ ነው። ልጅነቷን በሙሉ አዲስ ዓመት የተቀበለችው ጡሩንባ እየነፋች ነው። ያን ደንብ ያጸደቁትን ሰዎች ስም ግን አታውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕገ መንግሥታቸው አንድ ከንቲባ በተከታታይ ከሦስት የሥራ ዘመን በላይ እንዳይቆይ ይከለክላል። አንዱ የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት ነው። ችግሩ "በተከታታይ" የሚለው ቃል ላይ ነው። ዱቴርቴ ከንቲባነቱን የጀመሩት በ1988 ነው። በ1998 ወጥተው የአገሪቱ ምክር ቤት ገቡ። በ2001 ተመለሱ። በ2010 ልጃቸው ሳራ ከንቲባ ሆነች፣ አባት ምክትሏ ሆኑ። በ2013 እንደገና አባት ከንቲባ ሆኑ። በ2016 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ሳራ ተመለሰች፣ በ2022 ሴባስቲያን ተተካ። ከ1998 እስከ 2001 ካሉት ሦስት ዓመታት በቀር የከንቲባው ወንበር ከቤተሰቡ አልወጣም። ይኸው የ1987 ሕገ መንግሥት መንግሥት የቤተሰብ አገዛዝን እንዲከለክል ይላል፤ "በሕግ በሚወሰነው መሠረት" ብሎ ግን ዝርዝሩን ለአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተወለት። ለከንቲባና ለከተማ ምክር ቤት ምርጫ የሚሠራ እንዲህ ያለ ሕግ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ሕጉን ማውጣት የሚገባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ይህ የዳቫዎ ብቻ ጣጣ አይደለም፤ በአገሪቱ በብዙ ከተሞች ያለ ነው።

ፊሊፒናውያን ለምርጫ ግድ የላቸውም እንዳይባል፣ በዚያ ምርጫ በአገር ደረጃ ከተመዘገበው ሰው ከ80 ከመቶ በላዩ ወጥቶ መርጧል። በሥራ ቀን ሳይሆን በዕረፍት ቀን መሆኑ ረድቷል ይባል ይሆናል። እኔ ግን ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም ፎቶ አንስተው እዚህ ላሉ ዘመዶቻቸው ሲልኩ አይቻለሁ። ሰዎቹ ግድ አላቸው። ግዳቸው ከንቲባው ስም ላይ ያልቅና ለስምንቱ ስም ሳይተርፍ ይቀራል።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የባራንጋይ ምርጫቸው በኖቬምበር 2026 ይደረጋል። ያኔ ከሚመረጡት የባራንጋይ ሊቀመናብርት መካከል አንዱ በከተማው ምክር ቤት ይቀመጣል። ቀጣዩ የከንቲባና የምክር ቤት ምርጫ ደግሞ በሜይ 2028 ነው። ስትዘግቡ እባካችሁ ከከንቲባው ስም ወደ ታች ውረዱ። ስንት ወንበር እንዳለ፣ ስንቱን ማን እንደወሰደ፣ አንደኛ የወጣው ማን እንደሆነ ንገሩን። ሁለት አንቀጽ ቢበቃ ነው። እዚህ ከፊሊፒናውያን ጋር በአንድ ወጥ ቤት የምናበስል፣ በአንድ አውቶቡስ ሥራ የምንሄድ ብዙ ነን፤ እናነበዋለን።

ጓደኛዬ የእናቷን ወረቀት ፎቶ በስልኳ አስቀምጣዋለች። በዚያ ሰሞን ለእናቷ ደውላ ስምንቱን ስም አንድ በአንድ አነበበችላት። እናት እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና፣ "የእኛን መንገድ ጉዳይ ለየትኛው ነው የምናገረው?" አለች። እስካሁን እየፈለግንላት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከዱባይ