ስለ ውፍረት ሲጻፍ ሳንባ ለምን ይረሳል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከልክ ስላለፈ ውፍረት ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለ ልብ ተነግሯል፤ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ደም ግፊት ተነግሯል፤ ጉልበትና ወገብም አልተረሱም። ሳንባ ግን በስም እንኳ አልተነሳም። በዚያው ዕትም ሌላ ገጽ ላይ ስለ አየር ብክለት የወጣው ዜናም በበኩሉ ስለ ውፍረት ያለው ነገር የለም። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ሰው ደረት ውስጥ እንደሚገናኙ በየቀኑ አያለሁ። የሳንባ አቅም በሚለካበት ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ታካሚውን ቀጥ አድርጌ አስቀምጬ፣ አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዤ፣ ቱቦውን በከንፈሩ አስገጥሜ «ይሳቡ፣ ይሳቡ፣ ይሳቡ፤ አሁን ይንፉ! ይንፉ! እንዳያቆሙ!» ስል ነው የምውለው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት መጡ። መሣሪያውን ሳዘጋጅ የጫማቸው ማሰሪያ መፈታቱን አዩና ጎንበስ አሉ። እጃቸው ጫማው ጋ ሳይደርስ ቀና ብለው፣ ጉልበታቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ማሰሪያውን እኔ አሰርኩላቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ ሁሉም ክብደት ቀንሺ ይሉኛል። ይኸው መራመድ ጀመርኩ፤ ስራመድ ግን ደረቴ ይብስብኛል» አሉኝ። የት እንደሚራመዱ ጠየቅኳቸው። በየማለዳው፣ ተሽከርካሪ በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ የአውራ ጎዳናውን ጠርዝ ይዘው ነው። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። ልኬቱን ስንጨርስ ውጤቱ ከጤነኛ ሰው ብዙም የማይርቅ ሆኖ ወጣ። «እንግዲያው ምንም የለብኝም ማለት ነው?» ሲሉኝ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሕመማቸው እንደ ሰበብ የተቆጠረባቸው መስሏቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንፋሽ ስናስወጣ ሳንባችን ፈጽሞ ባዶ አይሆንም። ቀላል የማይባል አየር ውስጥ ይቀራል፤ ቀጫጭኖቹን የአየር ቧንቧዎች ከፍቶ የሚያቆያቸውም ይኸው ቀሪ አየር ነው። ሆድ ውስጥ የተከማቸ ስብ ዲያፍራምን፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደረት ላይ ያለው ክብደት ደግሞ የጎድን አጥንቶች እንደልብ እንዳይከፈቱ ይጫናቸዋል። ያኔ ቀድሞ የሚሟጠጠው ያ ቀሪ አየር ነው። በሳንባ ግርጌ ያሉት ትንንሽ ቧንቧዎች ይዘጋሉ፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው ደም የሚገባውን ኦክስጅን ሳያገኝ ይመለሳል። ጎንበስ ሲሉ ወይም በጀርባ ሲተኙ ይብሳል። የእኛ የተለመደ ልኬት ግን ሰው በሙሉ ኃይሉ ስቦ በሙሉ ኃይሉ ሲነፋ የሚወጣውን አየር ነው የሚመዘግበው፤ ስለዚህ ውፍረቱ እጅግ ካልከፋ በስተቀር ይህን ጉድለት ብዙም አያሳይም። «ውጤትዎ ደህና ነው» የተባለ ሰው በእርግጥ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ለእኚያ እናትም ወንበሬን ስቤ ይህንኑ በዝርዝር አስረዳኋቸው።

ስለ ሌሊታቸውም ጠየቅኳቸው። በሦስት ትራስ ተደግፈው ነው የሚተኙት። ባለቤታቸው «ታንኮራፊና ድንገት ጸጥ ትያለሽ፤ ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር እየሳብሽ ትባንኛለሽ» ይሏቸዋል። ይህ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ምልክት ነው፤ በአንገትና በጉሮሮ ዙሪያ ያለው ስብ የአየር መተላለፊያውን ሲያጠበው ይከሰታል። ከዚህ የሚብስም አለ፤ ሰውነት ቀን ጭምር በቂ አየር መተንፈስ አቅቶት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ የሚከማችበት ደረጃ። ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀኑን ሙሉ ድካምና ማንቀላፋት፤ ስንቱ ሰው ሰነፍ እየተባለ ከዚህ ሕመም ጋር ኖሯል! ለላካቸው ሐኪም በማስታወሻ ጻፍኩለት፤ የእንቅልፍ ምርመራም ታዘዘላቸው።

ስብ ዝም ብሎ የተጫነ ሸክም ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ብግነት የሚያስነሱ ንጥረ ነገሮችንም ወደ ደም ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የ52 ሟቾችን የሳንባ ናሙና መርምረው በአየር ቧንቧዎቹ ግድግዳ ውስጥ ስብ አገኙ፤ ክብደቱ ከቁመቱ አንጻር ከፍ ባለ ሰው ላይ ስቡም በዝቶ ነበር። ይህን ሳነብ ወፍራም የሆኑ የአስም ታካሚዎቻችን ትዝ አሉኝ። ብዙዎቹ በአፍ የሚሳበው ስቴሮይድ የሌሎቹን ያህል አይረዳቸውም፤ መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስዱም እየተባሉም ይወቀሳሉ።

አሁን በእንዲህ ያለ ሳንባ ላይ የቆሸሸ አየር ጨምሩበት። ከበካዮቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው «ፒኤም 2.5» የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም፤ የአንዲት ፀጉር ውፍረት የዚህ 30 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ትልልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ያስቀሩታል። ይህኛው እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይወርዳል፤ ከፊሉም ወደ ደም ይሻገራል። ከተሽከርካሪና ከፋብሪካ ጭስ፣ ከሚቃጠል ቆሻሻ፣ ቤት ውስጥ ከሚነድ እንጨትና ከሰል ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክር ነበር፤ በ2021 ቁጥሩን ወደ 5 አወረደው። እንደ ድርጅቱ ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶው የሚተነፍሰው ከሚመከረው ገደብ ያለፈ አየር ነው። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2013 የውጭ አየር ብክለትን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል።

ከባድ ሰውነት ዐርፎ በተቀመጠበት እንኳ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ስለዚህ በየደቂቃው የሚያስገባው አየር ይበዛል፣ ከአየሩም ጋር ብናኙ። ያ ብናኝ የሚያርፈው ደግሞ ቀድሞውኑ በተቆጣ የአየር ቧንቧ ላይ ነው። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ አስም ባለባቸው ሕፃናት ቤት ውስጥ ያለው ብናኝ ተለክቶ ሲጠና፣ ብናኙ በእኩል መጠን ሲጨምር ሕመሙ ይበልጥ የበረታው በወፈሩት ልጆች ላይ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ከ30 ሺህ በላይ ሕፃናት በተካተቱበት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ሩጫና ጨዋታ ይተዋል፤ ሲቀመጥ ይወፍራል፤ ሲወፍር ትንፋሹ የባሰ ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ከአንድ ቢሊዮን አልፏል፤ ከእነዚህ ውስጥ 160 ሚሊዮን ያህሉ ከ5 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ናቸው። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ አንዱን ሕመም በአንድ ገጽ፣ ሌላውን በሌላ ገጽ የምንጽፈው።

ይህን ሳነሳ «ታዲያ አልራመድም» የሚል ሰው እንዲኖር አልፈልግም። እባካችሁ መራመዳችሁን አታቁሙ፤ ለአብዛኛው ሰው የመራመድ ጥቅም ከአየሩ ጉዳት ያመዝናል። ከትልቅ መንገድ ጥቂት መቶ ሜትር መራቅ ብቻውን የምንስበውን የተሽከርካሪ ጭስ በብዙ ይቀንሰዋል፤ መኪና የማይበዛበትን ሰዓት መምረጥም እንዲሁ። ተራ የጨርቅ ጭምብል ግን ለዚህ ደቃቅ ብናኝ እምብዛም አይረዳም፤ በዚህ የሚተማመኑ ብዙ ሰዎች ስላሉ ነው መጥቀሴ። ክብደት ሲቀንስ ያ የተሟጠጠው ቀሪ አየር ይመለሳል፤ የአስም ሕመምም ይቀላል። አየር ሲጸዳም ሳንባ ያውቃል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ለረጅም ዓመታት በተከታታይ የተጠኑ ልጆች፣ የአካባቢያቸው አየር እየተሻሻለ ሲሄድ ሳንባቸው ከቀደሙት እኩዮቻቸው የተሻለ አድጎ ተገኝቷል። ክብደቱን ሰውየው በሐኪምና በቤተሰብ እርዳታ ሊታገለው ይችላል። አየሩን ግን ብቻውን ሊያጸዳው አይችልም። የሚያመኝም ይኸው ነው፤ ሁለት ጠላት ያለበትን ሰው ስለ አንዱ ብቻ እየወቀስን እንሸኘዋለን።

ሐኪሞች ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ወፍራም ሰው ሲመጣላቸው «ምን ያህል ይመዝናሉ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የት ይኖራሉ? በምን ያበስላሉ? በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት ይራመዳሉ? ሌሊት እንዴት ይተኛሉ?» ብለው እንዲጠይቁ በጋዜጣችሁ በኩል እለምናለሁ። ከእናንተም ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የዕለቱን የአየር ጠባይ በምታትሙበት ዓምድ፣ ከሙቀቱና ከዝናቡ ጎን የፒኤም 2.5ን ልኬት አስገቡልን። ሁለቱን ጽሑፎች ያዘጋጁት ጋዜጠኞች ደግሞ ቀጣዩን አብረው እንዲጽፉት አድርጉ፤ የሳንባ ሐኪም ማነጋገር ከፈለጉም የማገናኛቸው እኔ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የሳንባ ምርመራ ባለሙያ