ስቶክሆልም እንዴት እንደተሠራች፦ ለአባቴ

ስቶክሆልም፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ የእማዬም ጉልበት እንደተሻላት ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ልደታ በሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ያስተማሩዎት ስዊድናውያን ስለ አገራቸው እምብዛም አያወሩም እንደነበር ጠቅሰው፣ ዋና ከተማቸው እንዴት እንደተሠራችና ሕዝቧ እንዴት እንደሚኖር እንድጽፍልዎ ስላዘዙኝ፣ የማውቀውን ያህል እነሆ። ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከተማዋ የቆመችው ሜላረን የተባለው ሐይቅ ከባልቲክ ባሕር ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በ14 ደሴቶች ላይ ነው። ሐይቁ ቀድሞ የባሕሩ ክንድ ነበር፤ ነገር ግን በጥንት ዘመን በግግር በረዶ ተጭኖ የኖረው ምድር ሸክሙ ከቀለለለት ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ቀስ እያለ ከፍ ስለሚል፣ መተላለፊያው ጠበበ፣ የውኃው ግፊትም በረታ። መርከቦች እንደ ልብ ማለፍ ሲያቅታቸው ጭነታቸውን እዚህ ማራገፍ ግድ ሆነባቸው፤ ደሴቷን የያዘም የንግዱን በር ያዘ። የከተማዋ ስም በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው በ1252 ነው።

እርስዎን ይበልጥ የሚያስገርምዎ ግን ቫሳ የተባለችው የጦር መርከብ ታሪክ ይመስለኛል። ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ 64 መድፍ እንድትሸከም ያሠራት ይህች መርከብ፣ በ1628 ነሐሴ ወር ሕዝብ ወጥቶ እያያት፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ በላይ ሳትጓዝ ጥቂት ነፋስ ገፍቶ አሰመጣት። አስቀድሞ 30 ሰዎች ከጎን ወደ ጎን በሩጫ እንዲመላለሱባት ተደርጎ እጅግ ስለተንገዳገደች ሙከራው ተቋርጦ ነበር፤ ሆኖም ንጉሡ ቶሎ እንድትነሣ በደብዳቤ ይወተውት ስለነበር፣ ደፍሮ የሚያስቀር አልተገኘም። የላዩ ክብደት ከሥሩ ጋር አልተመጣጠነም፤ በኋላም ምርመራ ተደርጎ ማንም አልተቀጣም። እንጨት የሚበላው የባሕር ትል ጨውነቱ በቀነሰው የባልቲክ ውኃ ስለማይኖር፣ በ1961 ስትወጣ አካሏ ከሞላ ጎደል ሙሉ ነበር። ዛሬ በሙዚየም ቆማለች፤ የአናጢዎቹ የመጥረቢያ ምልክት በእንጨቱ ላይ ይታያል። ይህን ስመለከት የጣራ ክብደት ሳያሰሉ ግድግዳ ስለሚያቆሙ ሰዎች እርስዎ የሚናገሩት ቁጣ ትዝ ይለኛል።

ሌላው ሊያዩት የሚገባው በ1923 የተመረቀው ማዘጋጃ ቤት ነው። ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ጡብ የፈጀ ሲሆን፣ የኖቤል ግብዣ በየዓመቱ የሚደረግበት አዳራሹ «ሰማያዊ» ይባላል እንጂ ቀይ ነው። ራግናር ኦስትበርግ የተባለው አርክቴክት ግድግዳውን ሰማያዊ ሊያለብሰው አስቦ፣ ጡቡ ተደርድሮ ሲያየው ውበቱን መሸፈን አሳዘነውና እንዳለ ተወው።

ይህች ከተማ ግን ሁልጊዜ ሀብታም አልነበረችም። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 1930 ድረስ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን ከድህነት ሸሽተው በአብዛኛው ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። በኋላ ሀብቱ ሲመጣም ሁሉን በማስተዋል አላደረጉትም፤ በመሐል ከተማ ክላራ የተባለውን ነባር ሰፈር አፍርሰው በመስታወትና በኮንክሪት ተኩት፣ ዛሬም የሚቆጩ ብዙዎች ናቸው። በ1971 ከመሬት በታች ለሚሄደው ባቡር መግቢያ ሲባል «የንጉሡ አትክልት ስፍራ» የተባለው መናፈሻ ዛፎች ሊቆረጡ ሲሉ፣ ሕዝቡ ዛፎቹ ላይ ወጥቶ አልወርድም በማለቱ መግቢያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ስለ ፒያሳ መፍረስ የጻፉልኝን ካነበብኩ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዛፎቹን ቆሜ አያለሁ።

እኔ የምኖርበት ቴንስታ፣ መንግሥት ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት ለመሥራት ባወጣው ዕቅድ ከተሠሩት ሰፈሮች አንዱ ነው። የሕዝቡ ብዛት ያኔ 8 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር የሥራውን ግዙፍነት እርስዎ ከእኔ በተሻለ ይገምቱታል። ሕንፃዎቹ አንድ ዓይነትና ደረቅ ናቸው፤ ቤቱ ግን ብርድ አያስገባም። ዛሬ በስሜ ቤት ለመከራየት ወረፋው ዓመታት ስለሚፈጅ፣ እንደ ብዙው ሐበሻ ከሌላ ተከራይ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ከዚህ ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው ባቡር ጣቢያዎቹ ከዓለት ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸው፤ ዓለቱን አላስተካከሉትም፣ ሲሚንቶ ረጭተው ሥዕል ሣሉበት።

ሰዉ ዝምተኛ ነው። ጎረቤቴን የማውቃት በልብስ ማጠቢያው ክፍል በምትለጥፈው ማስታወሻ ነው፤ ሰዓት አስመዝግበን በየተራ እንገባለን፣ ማጣሪያውን ሳያጸዳ የወጣ እንደሆነ በትሕትና የተጻፈ ተግሣጽ ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል አባቶች በሥራ ቀን ሕፃን በጋሪ እየገፉ ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው፤ ወላጆች ለአንድ ልጅ 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ተካፍለው ያገኛሉና። ቡናማ እንደኛው አጥብቀው ይወዳሉ፤ ከ1756 ጀምሮ መንግሥት ደጋግሞ ቢከለክለውም አልተሳካለትም። እኛ ተነጋግረን እንጠጣዋለን፣ እነርሱ ከጣፋጭ ዳቦ ጋር ሰዓት ጠብቀው ይጠጡታል።

አሁን ጨለማው ገብቷል፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የማዘጋጃ ቤቱንና የመርከቧን ፎቶግራፎች ለገና ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እልክልዎታለሁ፤ የጡቡን አደራደር አይተው አስተያየትዎን ይጻፉልኝ። ለእማዬ የጉልበት ማሰሪያም አብሬ አድርጌያለሁ።

አክባሪ ልጅዎ