ጎሉን ከአባትህ፣ ማልያውን ከእኔ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የሰፈራችንን ቡድን ታሪክ ልትጽፍ ነው አሉ። አባትህ በስልክ ጎል ሲቆጥርልህ አመሸ፤ ከወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት። ግማሹ እውነት ነው። በረኛ ስለነበር የገባበትን አይቆጥርም።

መቼ ተመሠረተ ላልከው፣ ማንም አልመሠረተውም። ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀው ከታቦር ተራራ ሥር የሚራገጡ ልጆች ነበሩ። አንድ ክረምት የሌላ ሰፈር ልጆች "በበግ እንጋጠም" አሏቸው። በበግ ለመጋጠም ደግሞ ማልያ ያስፈልጋል። በቃ፣ ቡድን ሆኑ።

ማልያው ላይ ነው እኔ የምገባው። መዋጮ ተሰብስቦ ነጭ ካኒተራ ተገዛ። እኔና አያትህ ጓሮ ውስጥ ቀይ ቀለም በበርሜል በጥብጠን ነከርነው። ቁጥሩን በጥቁር ናስትሮ ለጠፍን። ቀለሙ እንዲይዝ ጨው ይጨመርበታል ለካ! ማን ነግሮን? ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ዝናቡ ወረደ፤ ቀለሙም አብሮ ወረደ። ቁምጣው ቀላ፣ እግራቸው ቀላ። አንዷ እናት "ልጄ ደማ!" ብላ ሜዳ ገባች። የ7 ቁጥሩ ናስትሮ ከላይ ተላቀቀና 1 ሆነ። ያኔ ተጋጣሚዎቹ "ሁለት በረኛ አሰለፉ" ብለው ጮኹ። በጉ ሄደ። አባትህ እስከ ዛሬ "ዳኛው ሸጠን" ይላል። ዳኛው ምን በደለ? ጥፋቱ የጨው ነው።

በ1996 ሀዋሳ ከነማ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ሰፈሩ ተገለበጠ። ጫማ ቀደድክ ብላ ትገርፍ የነበረች እናት የታኬታ ዋጋ ትጠይቅ ጀመር። በ1999 ሲደግም እኛ ታላቅና ታናሽ ሁለት ቡድን ነበረን።

ጥር 13 ቀን 2005ን አንተም ታስታውሳለህ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብታ፣ የከተማችን ልጅ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። በዚያ ምሽት ከእሱ ጋር ኳስ ያልተጫወተ የሀዋሳ ወንድ አልነበረም። አባትህም ተጫውቷል። ዕድሜያቸው እንዴት እንደተገናኘ አልጠየቅኩትም።

ሜዳው መጀመሪያ ግማሹ ታጠረ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ማን እንዳጠረው ተወው፤ የት እንደነበረ ግን ጻፍ። የላይኛው ጎል የነበረበት ቦታ አሁን ካፌ ነው። ማኪያቶ ጠጥቼበታለሁ፤ ደስ አላለኝም። ልጆቹ ጥቂት ጊዜ የሰው ሜዳ እየለመኑ ተጫወቱ። ከዚያ አንዱ ባጃጅ ያዘ፣ ሌላው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ገባ፣ ተበተኑ።

ያቺ 7 ቁጥር ማልያ ሳጥኔ ውስጥ አለች። ስትመጣ ውሰዳት። ታዲያ ከነጭ ልብስ ጋር እንዳትዘፈዝፋት፤ አሁንም ቀለም ትለቃለች።

እናትህ
ሀዋሳ