ሮንዳን ከታች ወደ ላይ እያት

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ ለሰናይት፦

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄ መጥፋቱን ከመርሳት እንዳትቆጥሪብኝ። በጥቅምት ደቡብ ስፔን፣ ያውም ሮንዳ እንደምትሄጂ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አብዛኛው ጎብኚ በአውቶቡስ ይመጣና ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። አደራሽን እንደዚያ አታድርጊ። የሮንዳን ታሪክ የሚያስረዳሽ ገደሉ ነው፤ ገደሉን ለማወቅ ደግሞ መውረድ ያስፈልጋል።

ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ነዋሪዋ 33 ሺህ ያህል ነው። ጓዳሌቪን የሚባል ወንዝ አለቱን ሰንጥቆ ለሁለት ከፍሏታል። በደቡብ በኩል ያለው አሮጌው ከተማ ነው። በሰሜን ያለው መርካዲዮ ይባላል፤ ትንሹ ገበያ ማለት ነው። ነጋዴዎች ወደ ከተማ ሲገቡ የሚከፈለውን ቀረጥ ሽሽት ከግንቡ ውጭ ሲገበያዩ የተቆረቆረ ሰፈር ነው።

ከምሥራቅ ጀምሪ። ከአሮጌው ድልድይ ዝቅ ብሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የዓረቦች መታጠቢያ ቤት አለ። በዘመኑ አህያ እየዞረች መዘውሩን ታንቀሳቅስ ነበር፤ መዘውሩ የቀዳው ውሃ በግንብ ቦይ ወደ ክፍሎቹ ይወርድ ነበር፤ ዳር ላይ የሚነደው እሳት ደግሞ ወለሉን ከሥር ያሞቀው ነበር። ጣሪያው ላይ በኮከብ ቅርጽ የተከፈቱ ቀዳዳዎች አሉ። ከሥራቸው ቆመሽ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሳታዪ እንዳትወጪ።

ከዚያ ላ ሚና የሚባለውን ደረጃ እይ፤ ክፍት መሆኑን ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። መግቢያው «የሙሩ ንጉሥ ቤት» ከሚባለው ግቢ ነው (ሙሮች የሚባሉት ያኔ ከተማዋን ይገዙ የነበሩት ሙስሊሞች ናቸው)፤ ስሙ እንዳያታልልሽ፣ ቤቱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ደረጃው ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ፣ በአለቱ ውስጥ እስከ ወንዙ ድረስ የተፈለፈለ ነው። ምርኮኛ ክርስቲያኖች ውሃ በስልቻ ተሸክመው ይወጡበት ስለነበር፣ «ሮንዳ ውስጥ ስልቻ እንደተሸከምክ ሙት» የሚል እርግማን ነበር። ገደሉ ከተማዋን ከጠላት ሲጠብቅ ውሃዋንም ከእሷ አርቆት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1485 የክርስቲያኑ ንጉሥ የፈርዲናንድ ጦር ሲከባት በመድፍ መደብደብ ብቻ ሳይሆን ይህንንም መንገድ ዘጋባት። በግንቦት ወር እጇን ሰጠች። እርጥብ ደረጃ ስለሆነ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያዢ።

ጎብኚው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት አዲሱ ድልድይ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1735 አንድ ሰፊ ቅስት ብቻ ያለው ድልድይ በስምንት ወር ተሠርቶ ነበር። በጥድፊያ የተሠራ፣ ድጋፉም ደካማ ነበርና በ1741 ተደርምሶ 50 ያህል ሰው ገደለ። ቀጣዩን በ1751 ሲጀምሩ መሠረቱን ገደሉ ሥር አኖሩት፦ ከታች ወንዙ የሚያልፍበት ትንሽ ቅስት፣ በእሱ ላይ ረጅሙ፣ ከላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ። ድንጋይ በድንጋይ እየተነባበረ 98 ሜትር ደረሰ፤ ያለቀው በ1793 ነው። ከመካከለኛው ቅስት በላይ ያለው ክፍል እስር ቤት ሆኖ አገልግሏል። ሥራውን የፈጸመው አርክቴክት ሆሴ ማርቲን ዴ አልዴኡዌላ ባርኔጣውን ሊይዝ ሲል ከድልድዩ ወድቆ ሞተ ብለው ቢነግሩሽ አትመኚ፤ የሞተው በ1802 ማላጋ ውስጥ ነው።

የ1785ቱን የበሬ ፍልሚያ ሜዳ ጊዜ ከተረፈሽ እይው።

ፎቶውን ለከሰዓት አቆዪው። ከማሪያ አውክሲሊያዶራ አደባባይ ቁልቁል የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዢ። ጠዋት የድልድዩ ምዕራባዊ ፊት ጥላ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ይቀላል። ሳይመሽ መውጣት ጀምሪ፣ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ማታ ስለሚበርድም ሹራብ አትርሺ።

ስትመለሺ ጻፊልኝ። ለቤተሰብሽ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አክባሪሽ፣
ኤልሳቤጥ