የቀበሌ ምርጫ የት ገባ?

ውድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ጤና ኬላ የምታወጡትን ዜና እከታተላለሁ። ችግሩ ሁሉም ወረዳ ላይ ያልቃል። የወረዳው ኃላፊ ይናገራል፣ ዜናው ይዘጋል። ገበሬው ግን የሚኖረው ቀበሌ ውስጥ ነው እኮ። መሬቱን የሚያስመዘግበው፣ በድንበር ሲጣላም መጀመሪያ አቤት የሚለው እዚያው ነው።

የገጠር ቀበሌ ትልቅ ታሪክ አለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 31 ወጣና የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ገበሬውም ቢያንስ 800 ሄክታር፣ በድሮው አቆጣጠር 20 ጋሻ በሚሆን መሬት ላይ ማኅበር እንዲያቋቁም ተባለ። እስከዚያ በጭቃ ሹምና በአጥቢያ ዳኛ ሲተዳደር የኖረ ሕዝብ የራሱን ሊቀመንበር መረጠ፣ የራሱን ሸንጎ አቆመ፤ በብዙ ቦታ ዞረው ያደራጁት ደግሞ ወደ ገጠር የዘመቱት ተማሪዎች፣ የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ነበሩ። በኋላ ማኅበሩ የእህል ኮታ መሰብሰቢያና የወታደር መመልመያ መሆኑ ያሳዝናል። ያም ሆኖ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም ቀበሌውን "ገበሬ ማኅበሩ" ሲሉ ትሰማላችሁ።

ከደርግ በኋላ በብዙ አካባቢ ሁለትና ሦስት ማኅበር ተጨፍልቆ አንድ ቀበሌ ሆነ። ይህን በቢሮ ሆኖ መወሰን ቀላል ነው። መሬቱ ግን ሜዳ አይደለም። አንዱ ጎጥ ደጋ ላይ፣ ሌላው ቆላ ገደል ሥር፣ መሃል ላይ ደግሞ ክረምት ሲገባ የሚሞላ ወንዝ ያለበት ቀበሌ ስንት አለ! ጽሕፈት ቤቱ ላይኛው ጫፍ ከሆነ የታችኛው ጎጥ ሰው ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ዳገቱን ሲወጣ ይውላል፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሄዷል ከተባለ ደግሞ ነገም ይመለሳል። አራስ ወይም አቅመ ደካማ ከሆነማ ጭራሽ ይተወዋል።

ገንዘቡም እንደዚያው ነው። ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ ጥቅል በጀት፣ ማለትም ወረዳው ራሱ የሚደለድለው ገንዘብ፣ ወደ ወረዳ መውረዱ ትልቅ እርምጃ ነበር፣ አልክድም። ግን እዚያው ቆመ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ፣ የግብርና ባለሙያዎቹ፣ መምህራኑ ሁሉም የወረዳ ቅጥር ናቸው። ቀበሌው ትንሽ ድልድይ ልሥራ ቢል የሕዝቡ መዋጮና ጉልበት ነው ያለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ግን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። በቂው ይህ ነው እንዴ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ የምርጫው ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም የቀበሌ ምክር ቤት ሲመረጥ በአንድ ቀበሌ እስከ 300 ሰው የሚደርስ ምክር ቤት ነበር። በ2005 ዓ.ም እንደገና ተመረጠ። በሁለቱም ብዙ ተቃዋሚዎች አልተወዳደሩም፣ ስለዚህ እንከን አልባ ነበር አልልም። ቢሆንም ገበሬው ቀበሌዬን የሚመራው እገሌ ይሁን ብሎ ድምፅ የሚሰጥበት አጋጣሚ ያ ብቻ ነበር። የ2010ሩ ተራዘመ። በ2013 ዓ.ም አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግ ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ተመረጠ፣ ቀበሌው ተረሳ። የጎጥ መንገድ፣ የግጦሽ መሬት፣ የይዞታ ክርክር ላይ የሚወስነው ሰው በማን ድምፅ ነው ወንበሩ ላይ ያለው?

እናንተ ይህን ጥያቄ ለምርጫ ቦርድና ለክልል ምክር ቤቶች አቅርቡልን፤ መልሳቸውንም ከነስማቸው አትሙት። ዘጋቢያችሁ ገጠር ሲወጣ ደግሞ ከወረዳው አዳራሽ አይመለስ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይግባ፣ ቃለ ጉባኤውን ገልጦ ያንብብ፣ ከዚያ ወርዶ የታችኛውን ጎጥ ሰው ያነጋግር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ