ባዮሎጂ ደረሰኝ ብለህ አትዘን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ እንዴት ናት? የአባዬ ወገብ ተሻለው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ የመኪናዬ መስታወት በረዶ ጋግሮ ጠበቀኝ።

እሁድ ዕለት በስልክ ድምፅህ ልክ አልነበረም። «ሕክምና አልደረሰኝም፤ ባዮሎጂ ወረወሩኝ፤ በቃ አለቀልኝ» አልከኝ። እማዬ አጠገብህ ስለነበረች ብዙም አልተናገርኩም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስልክ ተጣድፌ ከማወራህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

እኔም የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፤ ታውቃለህ። ምን እንደሠራልኝ ግን ነግሬህ አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ልንገርህ። ቀን ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። ከምንከባከባቸው አረጋውያን መካከል አንዲት የ82 ዓመት እናት ነበሩ። ስሜን አስተካክሎ መጥራት ቢከብዳቸውም ሁልጊዜ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ። አንድ ማታ እራት ይዤ ስገባ በእህታቸው ስም ጠሩኝ። ማንኪያውን ገልብጠው ያዙት። ሾርባው ደረታቸው ላይ ሲፈስ እንኳ ልብ አላሉም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «እርጅና ነው፤ ይተኙ ተያቸው» አለችኝ።

እኔ ግን በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የተማርኩት ከአእምሮዬ አልወጣም። ሴትዮዋ ከአሥር ቀን በፊት ሽንት የሚያሸና የደም ግፊት ክኒን ጀምረዋል። ቶሎ ብዬ ለተረኛዋ ነርስ ነገርኳት። ሐኪሙ ተደወለለትና ደም ተወሰደ። ሶዲየማቸው፣ ማለትም የደማቸው ጨው፣ 121 ሆኖ ተገኘ። ጤናማው ከ135 እስከ 145 ነው። በዚያው ሌሊት በአምቡላንስ ሆስፒታል ሄዱ። ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ኮሪደሩ ላይ ሲያዩኝ በስሜ ጠሩኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ድንቹን አስታውስ። ትምህርት ቤት ታዘህ መጥተህ ከእማዬ አንድ ድንች ለምነህ አልነበር? መሐሉን ፈልፍለህ፣ ስኳር በጥብጠህ ጨምረህ፣ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀመጥከው። ጠዋት ስንነሳ የድንቹ ጉድጓድ ሞልቶ አገኘነው። ውሃ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ይሄዳል ብለህ አስረዳኸን። በእኚያ እናት ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በክኒኑ ምክንያት የደማቸው ጨው ሲያንስ ውሃው ወደ አንጎላቸው ሴሎች ገባ። ሴሎቹ አበጡ። የራስ ቅል ደግሞ እንደ ሆድ አይለጠጥም፤ ያበጠው አንጎል መሄጃ ሲያጣ ሰው ይምታታበታል፤ ሲብስም ራሱን ይስታል። የድንቹ ነገር ነው ያን ሌሊት ያናገረኝ። እኔ መድኃኒት አላዘዝኩም፤ ያደረግኩት ለነርሷ መናገር ብቻ ነው። ግን የሚነገር ነገር መኖሩን ያወቅኩት በትምህርቱ ነው።

እዚህ አገር ባዮሎጂ ሌላ ያጣ ሰው የሚጣልበት ትምህርት አይደለም። ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ሕክምና የሚገባ ጥቂት ነው። አብዛኛው መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ ነው የሚያመለክተው። እዚሁ ቅርባችን ባልቲሞር ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1893 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጀምሮ ዲግሪ የሌለውን አልቀበልም ብሏል። ያን ጊዜ ይህ ብርቅ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ለማም ዶክትሬታቸውን የሠሩት እዚያው ሆፕኪንስ ነው። እሳቸው ሐኪም አልነበሩም፤ የጥገኛ ተዋሲያን ተመራማሪ ነበሩ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ያንን ወንዝ ስንቱ ሰው አልፎበታል! እሳቸው ግን ቆመው ለምን ብለው ጠየቁ፤ የገደላቸው እንዶዱ ነበር። አንተ ደረሰኝ ብለህ ያለቀስክበት ትምህርት የሚያስተምረው ይህንን ነው።

ከኮርሶቹ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ የፈራሁት ስታቲስቲክስ ነው ብልህ ታምነኛለህ? ከ1,000 ሰው አንዱን ብቻ የሚይዝ በሽታ አለ እንበል። ምርመራው ከመቶ 99 ጊዜ ትክክል ነው። ሺውንም ብትመረምር አንዱን እውነተኛ በሽተኛ ታገኛለህ፤ አሥር የሚያህሉ ጤነኞችን ደግሞ በስህተት «አለብህ» ትላቸዋለህ። ይህን ያልተረዳ የጤና ባለሙያ ሰው በከንቱ ያስደነግጣል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከባድ ነው፤ አልዋሽህም፤ ግን ያልፋል። ላቦራቶሪ ደግሞ እጅ ያስተካክላል። አንዴ የባክቴሪያ ዓይነት በቀለም በሚለይበት፣ ግራም በሚባለው ዘዴ ባክቴሪያ ሳቀልም አልኮሉን ከሚገባው ጥቂት ሰከንድ አስበልጬ አቆየሁበት። ሐምራዊ መሆን የነበረበት ሮዝ ሆኖ ወጣ። መምህራችን ማይክሮስኮፑን አይተው «ይህ የሰው ናሙና ቢሆን ኖሮ የተሳሳተ መድኃኒት ይታዘዝ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት ሳልይዝ ምንም አልሠራም።

አንድ ነገር ግን ልደብቅህ አልፈልግም። ዲግሪው ብቻውን ፈቃድ አይሰጥም። ስመረቅ እማዬ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብላ ነበር። ባዮሎጂ የተማረ ሰው በዲግሪው ብቻ ታማሚ ማከም አይችልም። ሐኪም ለመሆን ኤምካት የሚባል ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ፈተና አለ፤ ከዚያ አራት ዓመት ሕክምና፣ ከዚያም ሬዚደንሲ የሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና። ፋርማሲስት መሆን ብትፈልግ ብዙውን ጊዜ ሌላ አራት ዓመት ነው። እኔ ነርሲንግ መርጫለሁ። ሌላ ዲግሪ ላለው ሰው ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል የሚፈጅ የተፋጠነ ፕሮግራም አለ፤ በጥር እጀምራለሁ። ሲያልቅ ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና እወስዳለሁ። በሌሊት ከታማሚው አጠገብ የምትቆየው ነርሷ ናት፤ እኔም የምወደው እዚያ መሆን ነው። ለእማዬ ቀስ ብለህ አስረዳልኝ።

እዚህ ለመድረስ አንድ ተርም አቃጥያለሁ። አንድ አማካሪ «ይህ ኮርስ አያስፈልግሽም» አለኝ፤ አመንኩት። በኋላ ልገባበት የፈለግኩት ትምህርት ቤት ያንኑ ኮርስ ጠየቀኝ። ስለዚህ የሚጠየቀውን ከምትወጣበት ሳይሆን ከምትገባበት ቦታ ጠይቅ። እኛም አገር በ2004 ዓ.ም. ዲግሪ ያላቸውን የሚቀበል የሕክምና ትምህርት ተጀምሮ ነበር። አሁን የትኛው ዩኒቨርሲቲ ማንን እንደሚቀበል በአካል ሄደህ ጠይቅ፤ ወሬ አትስማ። ማይክሮባዮሎጂውንም፣ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርሱንም አብረህ ጠይቅ። ክረምት ላይ ደግሞ ጤና ጣቢያ ገብተህ በነጻ አግዝ። ሰው እንዴት ተደግፎ እንደሚነሳ፣ የፈራ ሰው እንዴት እንደሚዋራ መጽሐፉ አያሳይህም።

ለአባዬ የወገብ ቀበቶ፣ ላንተ የፊዚዮሎጂ መጽሐፍ ለገና በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። መጽሐፉ ያገለገለ ነው፤ በእርሳስ የጻፍኩበት አለ፤ አታጥፋው።

አንድ ሥራ ልስጥህ። እማዬ የግፊት ክኒን ተቀየረልኝ ብላኛለች፤ ስሙን ግን አታውቀውም። ማሸጊያውን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የሚያሸና ዓይነት ከሆነ፣ ከጀመረች ወዲህ ራሷን ያዞራት፣ ያቅለሸለሻት ወይም ነገር የሚያምታታት እንደሆነ አስተውል። ክኒኑን በራስህ እንዳታስቆማት። እንዲህ ያለ ምልክት ካየህ ግን ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪሟ ውሰዳት፤ ሶዲየሟን እንዲያዩላትም ጠይቅ። ለምን ብላ ከጠየቀችህ የድንቹን ነገር ንገራት።

እህትህ