የጎንደር የእጅ ባለሙያዎች ሙዚየም ይገባቸዋል

ለአዘጋጁ፣

ስለ ፋሲል ግቢ እድሳት ባወጣችሁት ጽሑፍ ነገሥታቱ በየስማቸው ሲወሱ፣ ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቦኩትና ብረቱን የቀጠቀጡት ሰዎች ግን አልተነሡም። ጎንደር የእነዚህን ባለሙያዎች ሥራና ታሪክ የሚያሳይ ራሱን የቻለ ሙዚየም ያስፈልጋታል እላለሁ።

አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መናገሻቸው ያደረጓት ይህች ከተማ የቆመችው በእጅ ሙያ ነው፤ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና ቀጥቃጮች፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሸማኔዎች፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በመላእክት ፊት የሞሉት ሠዓሊዎች ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሕዝቡ ግን ቀጥቃጮቹንና ሸክላ ሠሪዎቹን፣ በማረሻቸው እያረሰና በሸክላቸው እየበላ፣ «ቡዳ» እያለ አገለላቸው፤ ብዙዎቹም ርስት ተነፍገው ኖረዋል። ይህን በደል ሳይሸፋፍን የሚናገር ሙዚየም፣ ዛሬም ሙያቸውን ለመግለጽ ለሚሳቀቁ ወጣቶች ክብራቸውን ይመልስላቸዋል።

ጊዜውም አይጠብቅም። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ በዓይንና በእጅ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ እንደ ወለቃ ካሉ መንደሮች አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ብዙ ዕውቀት አብሯቸው ሄዷል።

ስለዚህ የከተማው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አዲስ ሕንፃ ሳይጠብቅ አንድ አዳራሽ ይመድብ፤ ወናፉን፣ መወርወሪያውንና የብራና መፋቂያውን ከሠሪው ስምና ከመንደሩ ጋር ይመዝግብ፤ አረጋውያን ባለሙያዎችንም ተገቢውን ክፍያ እየሰጠ በጎብኚዎች ፊት እንዲሠሩና ተማሪ እንዲይዙ ያድርግ።

አንድ የጎንደር ነዋሪ